የናዚሬ እንግዶች

ሉሌ የእንግዳዋን ጫማ ባልዲ ውስጥ ነክራ ታሸው ነበር። ጫማው ይህን ያህል አልቆሸሸም። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ የናዚሬ ሳቅ ይሰማል። እርሻና ታሪክ ሊማሩ ከውጭ አገር የመጡት ተማሪዎች እዚያ ተሰብስበው ናዚሬ በጓሮዋ አይብ የምታኖርበትን የድሮ የጦር ምሽግ ፎቶ ያነሳሉ። በሉሌም ጓሮ እንዲህ ያለ ምሽግ ነበር፤ ባሏ ብረቱን አውጥቶ ሊሸጥ አፍርሶታል። አይቧ ግን የናዚሬን ያስንቃል፤ ቀማሽ እንግዳ አጣች እንጂ። ዛሬ አንዲት ተማሪ ሽንት ቤት ፍለጋ መጣች፤ እንደ አልባኒያ ደንብ ጫማዋን ደጃፍ አወለቀች። ሉሌም ዳቦና ጨው፣ አይብና በለስ አቅርባላት ወጣችና ጫማውን ነከረችው።

ናዚሬ አጥሩ ጋ መጣች። «አንቺ ሉሌ! እንግዳዬን የት አደረግሻት? አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!»

«ዳቦዬንና ጨዌን የቀመሰች የኔ እንግዳ ናት። ጫማዋንም አጥቤላታለሁ፤ ሳይደርቅ አትሄድም።»

«ንጹሑን ጫማ? ኧረ ቅናት ይግደልሽ!»

«ይግደለኝ። አይቤን ሳታጣጥም ግን አለቃትም።»

ያኔ ልጅቷ ባዶ እግሯን፣ አፏን አይብ ሞልታ ወጣች። ሉሌ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና አለች። ልጅቷ በተሰባበረ አልባንኛ፣ ሉሌን ደስ ልታሰኛት ፈልጋ፣ «እናቴ፣ በጣም ይጣፍጣል! ልክ እንደ ናዚሬ አይብ!» አለቻት።

ሉሌ ጫማውን ከባልዲው አወጣችና ውሃው እየተንጠባጠበ አቀበለቻት።

«እንኪ ልጄ፤ መንገድ ላይ ይደርቅልሻል።»