ከእናትዓለም ጀርባ ያለው ሰው

እሌኒ ዘንድሮ ማንም እንዳያሞኛት ምላለች። አምና በየስብሰባው ተሟግታ ለሴቶች ብቻ እንዲከለል ያስደረገችውን ጨረታ አንዲት ሴት አሸነፈች፤ ኋላ ሲጣራ ግን ስሟን ብቻ ያዋሰች የአንድ ባለሀብት ሚስት ሆና ተገኘች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው። የምትሠራበት የግዥ ቢሮ ድፍን ዓመት ሳቀባት።

ስለዚህ ዘንድሮም ለሴቶች የተከለለውን የተማሪ ዴስክ ጨረታ ያሸነፈችውን እናትዓለምን ለማየት፣ ሳትነግራት ሹም አቦ ሰፈር ድረስ ሄደች። ሥራው ከቀረባት መንግሥት የሰጣት ሼድ ለሌላ ሰው እንደሚተላለፍ እሌኒ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን እውነተኛ ባለቤት ከሆነች ምን ያስፈራታል?

ሼዱ ውስጥ መጀመሪያ ያየችው ወንድ ነው። ጠጉሩ የሸበተ፣ ኮት የለበሰ ሰውዬ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል፤ የግቢው ቁልፍ እንዳለ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። እናትዓለም አጠገቡ ቆማለች፤ ሻሿ የእንጨት ብናኝ ለብሷል።

ይኸው ጀመረን፣ አለች እሌኒ በሆዷ።

"ከጨረታ ኮሚቴው ነው የመጣሁት። የድርጅቱ ባለቤት አንቺ ነሽ?"

"ነኝ" አለች እናትዓለም፤ ሰውዬውን አየት አድርጋ።

በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው ብድግ ብሎ ከፈተ። ያለ እሱ ፈቃድ ዝንብም አይገባም ማለት ነው፣ ስትል እሌኒ አሰበች። የገባው ከፔዳ ግቢ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የቤት በር ሊያሠራ። እናትዓለምን እንዳላየ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ሰውዬው ሄደ።

"ጋሼ አካሉ፣ በሩንም እንደዚያ እንደሠሩልኝ ቁምሳጥን አሳምረው ይሥሩልኝ። መቼ ይደርሳል?"

ሰውዬው ወደ እናትዓለም ዞረ።

"ለዳግማይ ትንሣኤ" አለች ቀስ ብላ።

"ለዳግማይ ትንሣኤ" አለ ሰውዬው ጮክ ብሎ፣ እየተጎማለለ።

ቀጠሮ ያዥም አድርጓታል። የእሌኒ ደም ፈላ። እናትዓለምን ወደ ጥግ ሳበቻት።

"እኒህ ሰውዬ ምንሽ ናቸው?"

እናትዓለም መምህሩን በዓይኗ ጠቆመቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እባክዎ፣ እሱ እስኪወጣ ይጠብቁኝ። ብቻችንን ሆነን እንነጋገር።"

ለካ ጉቦም አለበት።

"ከአንቺ ጋር ለብቻ የምንነጋገረው ነገር የለም።"

"ሼዴን እኮ ነው የማጣው። ትንሽ ይታገሡኝ" አለች እናትዓለም፤ እንባዋ መጣ።

"ይኼን ለጋሼሽ ንገሪያቸው።"

እሌኒ ደጅ ወጥታ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደወለች። "ውድቅ አድርጉት። ከጀርባዋ ወንድ አለ፤ በዓይኔ አይቼ ነው።"

"አንቺማ ዘንድሮ አልተቻልሽም" አላት ሰብሳቢው። ወዲያው ውድቅ ተደረገ፤ እሌኒም ከስንት ጊዜ በኋላ አንገቷን ቀና አድርጋ ባጃጅ ተሳፈረች።

መምህሩ ተሰናብቶ ሲወጣ እናትዓለም ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"ጋሼ አካሉ፣ ባለቤት መስለው የሚታዩት ሴት የሠራችውን አንገዛም ለሚሉ ደንበኞች ነው እንጂ ለመንግሥት ሰው አይደለም ብዬ አልነገርሁዎትም? በሉ፣ ወደ ዘበኛነትዎ ይመለሱ።"