ሲካሞር መንገድ፣ ቁጥር 214

«አይነሱ፣ አይነሱ» ትለኛለች ሴትዮዋ፣ የፖም ኬክ የያዘ የወረቀት ሳህን ወደ እኔ እየዘረጋች። «ኦፓል ፕሩት እባላለሁ። የሌላንድ እህት።»

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኜ ከጣሊያን ግንባር ከጻፍኩት ሁሉ ስሜን ያስጠራው የወታደሩ የሌላንድ ፕሩት አሟሟት ነው። ሽልማትም ያመጣልኝ እሱ ነው። ዛሬ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የኢንዲያና ትንሽ ከተማቸው የቤተ መጻሕፍቱን አንድ ክፍል በስሜ የምትሰይመው በእሱ ሰበብ ነው። አሁን መድረክ ላይ ወጥቼ ያንኑ ጽሑፍ አነባለሁ።

«አባባ የእርስዎን ጽሑፍ ሳያነብልን እራት አይቀርብም ነበር» ትላለች አጠገቤ እየተቀመጠች። «የልጆቹን የቤት አድራሻ ስለሚጽፉ ነው የወደደዎት።»

ልማዴ ነበር። የወታደር ስም ከጠራሁ መንገዱንና የቤት ቁጥሩን እጨምራለሁ። እናቶች ይወዱታል፤ ጋዜጣም ይሸጣል።

«የሌላንድ ጽሑፍ የወጣ ቀን እማማ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አድራሻችንን አየች። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጋዜጣውን እዚያው አጣጥፋ ጎረቤት ልትጠራ ወጣች! ‹ልጄ ጋዜጣ ላይ ወጣ!› እያለች። ሳሎኑ ጢም አለ። አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።»

«ከጦሩ የሚላከው የመርዶ ቴሌግራምስ?»

«እሱማ በሦስተኛው ቀን መጣ።»

የልጁ ሞት የሚነገረው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። አንባቢ መጀመሪያ እንዲወደው ብዬ ነበር እንደዚያ የጻፍኩት። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የመረመረው የጦር መኮንን «ቤተሰቡ ተነግሯቸዋል?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ሳይነገራቸው የሟች ስም አይወጣም። አላጣራሁም። ሌላ ጋዜጠኛ እንዳይቀድመኝ ብዬ «አዎ» አልኩት።

«አባትዎ... እዚያ ሲደርሱ አቆሙ?»

«የት ያቆማል! ማቆም እንደሚቻል የጠፋው ይመስለኛል። እስከ መጨረሻው አነበበው።» ሳህኑን ትገፋልኛለች። «ይብሉ እንጂ፣ እኔው ነኝ የጋገርኩት። ልወቅስዎት አልመጣሁም። እማማ እስክትሞት ‹የዘገየው ቴሌግራሙ ነው፤ ሰውየው ምን ያድርግ› ስትል ኖረች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን ስከፍት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ሚስተር ቤክዊዝ!» ብላ ትጠራኛለች፤ አዳራሹ ያጨበጭባል።

መድረኩ ላይ ወረቀቱን እዘረጋለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ አድራሻቸው ላይ፣ ዓይኔ ይቀራል።

«ከማንበቤ በፊት» እላለሁ፣ «ይሄ ጽሑፍ የወጣው መርማሪውን መኮንን ዋሽቼው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። የድሮ ወታደሮች ጠረጴዛ ይደበድባሉ። «አበጀህ! እንኳን ዋሸኸው!» ይላል አንዱ ከኋላ። መኮንን የሸወደ ሰው ሲያዩ ነፍሳቸው ነው።

ኦፓል ብቻ አትስቅም። ሹካዋን ቀስ ብላ ታስቀምጥና ቀና ብላ ታየኛለች። ምኑን እንደዋሸሁ ገብቷታል።

«ቀልድ አይደለም» ማለት አለብኝ፤ ሁለት ቃል ነው። ጭብጨባው ግን ይብሳል፤ እኔም እንደለመድኩት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ፈገግ እላለሁ።