የብሪዝበን ሰዓት

ማርች 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ሃምቡርግ፣ በጌዛ ወጥ ቤት ውስጥ ነን። የባሏ የቶርበን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ እንደተዘጋ ነው፤ መክፈቻ ቃሉን ይዞት ሄዷል። እኔ፣ የሥራ ባልደረባው፣ በራሴ ማሽን እሠራለሁ።

ቶርበን የመጨረሻ ፕሮግራሙን የሠራው ባለፈው ሳምንት፣ በሞተበት ቀን ነው። እኔ የማምነው እንደዚያ ነው። የሠራውን ማሽኑ ንጋት ላይ በራሱ ወደ ፕሮግራሞች የጋራ ማከማቻችን ይልከዋል። ፋይሉ ውስጥ ግን ማሽኑ ደቂቃ ሳይጨምር የጻፈው የሥራ ሰዓት «ሌሊት ሰባት» ይላል። ቶርበን ያረፈው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር።

ባልደረቦቻችን ሟቹ ፕሮግራሞቹን የሚፈርምበት ዲጂታል ፊርማ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ብለው ጠረጠሩ። እስከ ማታ መልስ ካላገኙ፣ በዚያ ፊርማ የወጣውን ሁሉ፣ የዕድሜ ልክ ሥራውን፣ ከማከማቻው ያወጡታል።

ሕጋችን ቀላል ነው፤ ከአንድ ኮድ ሁለት ሰው በሁለት ማሽን ፕሮግራሙን ቢሠራ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ አንድ ዓይነት ፋይል መውጣት አለበት። ከእሱ ኮድ እኔም ሠራሁት፤ የእኔና የእሱ የሚለያዩት በዚያች የሰዓት መስመር ብቻ ነው። በሕይወት የነበረበትን ሰዓት ሁሉ በሃምቡርግ አቆጣጠር ሞከርኩ፤ አልገጠመም። በግሪንዊችም ሞከርኩ፤ በእኛ ሙያ ሁሉም ማሽኑን የሚያስኬደው በዚያ ነው።

ጌዛ ድንች ትልጣለች፤ ለሁለት ሰው የሚበዛ ድንች። ምን እንደጠፋብኝ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«እናንተ ሰዎች፣ ይሄን ሁሉ ጭንቅላት ተሸክማችሁ» አለች። «እሱ መቼ በእኛ ሰዓት ኖሮ ያውቃል? ኮምፒውተሩ የሚሄደው በፍሪደሪከ ሰዓት ነው።»

ፍሪደሪከ ልጃቸው ናት፤ ብሪዝበን ትኖራለች።

«ለምን?»

«ተኝታ እያለች እንዳይደውልላት ነዋ። አንዴ ቀስቅሷት ተቆጥታዋለች።»

በሞተበት ቀን ስንት ሰዓት ላይ እንደጨረሰ ጠየቅኳት። ዐሥር ሰዓት ላይ ደከመኝ ብሎ ተነሥቶ ጋደም አለ አለችኝ። ብሪዝበን ከእኛ ዘጠኝ ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት እዚያ ሌሊት ሰባት ነው።

ማሽኔን ወደዚያ አገር ሰዓት አዞርኩት፤ ቀኑንም ወደሞተበት ቀን፣ ወደ እኛ ዐሥር ሰዓት መለስኩት። ፕሮግራሙ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድንቹ ተልጦ አለቀ። ሁለቱ ፋይሎች ገጠሙ።

ገጠመ አልኳት።

«እሺ» አለችና ድስቱን ጣደች።

ደስ እስኪለኝ ጠበቅሁ። ውሃው ፈላ።

ሥራው ሁሉ ማከማቻው ውስጥ ቀረ። ፕሮግራሙን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ባወጣሁት እትም የሰዓቷ መስመር የለችም፤ ማንም የትም ሆኖ ቢሠራው አንድ ዓይነት እንዲወጣ አጠፋኋት።