ፍሬን የሌለበት ወንበር

ቀለብ እስኪከፍል ድረስ ፍርድ ቤቱ መንጃ ፈቃዱን ከያዘበት ወዲህ ሰውየው ታክሲ ውስጥ ተረጋግቶ መቀመጥ አቅቶታል። ዛሬም ከሳሪስ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና፣ በሩ በኩል ተቀምጦ፣ ሰው በተሻገረ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል።

«ቀስ በል እንጂ ወንድሜ።»

«መሪው እኔ ጋ ነው» አለ ሹፌሩ።

«እኔም እኮ ሹፌር ነኝ። የልጄ እናት በቀለብ ከስሳ መንጃ ፈቃዴን አስይዛብኝ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ቀለቡን አትከፍልም?»

«ቀሚስ ልትገዛበት? እሷ የፈለገችው ከልጄ ልታቆራርጠኝ ነው።» በመሃላቸው ከተቀመጠችው ዩኒፎርም ለባሽ ተማሪ ራስ በላይ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያወራው። «ልጅቷ ግን የአባቷ ናት። መንገድ ላይ ብታየኝ ሮጣ ነው የምትጠመጠምብኝ። ይቺን ታክላለች» ብሎ እጁን ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አደረገ።

ተማሪዋ እጁን አየችና ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«ወራጅ አለ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወርዶ አሳለፋት፤ ፊቱን ግን ከሹፌሩ አላዞረም። «ቶሎ ውረጂ እንጂ፣ መንገድ ዘጋን።»

ታክሲው ሲንቀሳቀስ ለረዳቱ ብር ዘረጋ። ረዳቱ አልተቀበለውም።

«ተከፍሏል ጋሼ።»

«ማን ከፈለ?»

«አሁን የወረደችው ተማሪ ናት። ‹የአባቴንም ውሰድ› ብላኝ።»

ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ታክሲው ፍጥነቱን ጨመረ።