ቁልቁለቱ ላይ ማን ያቆማታል?

ሰጠኝ ሞጣ ከተማ ባለው ግቢው ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራትን ባለሸራ ጀልባ ተጎታች ላይ ጭኖ ጣና እስኪያደርሳት ቸኩሎ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዘመነ ለዚሁ ብሎ ከቢቸና ትንሿን ፒካፑን ይዞለት መጣ። ተጎታቹን ሲያያይዙት ግን የፒካፗ ኋላ ዝቅ ብሎ አፍንጫዋ ቀና አለ።

«መሳቡንስ ትስባለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ማን ሊያቆማት ነው?» አሉ ጎረቤቱ፣ አዛውንቱ ሾፌር ጋሽ አብዱልሐኪም፣ አሮጌ ላንድክሩዘራቸውን ተደግፈው።

ሰጠኝ የመጎተቻውን ፒን ጨብጦ ቆመ። መኪና እንቀይር ሊል አፉን ከፈተና የወንድሙን ፊት አይቶ ተወው። «እንሂድ በቃ!» አለ።

ዘመነ ሞተሩን አጠፋ። «ወንድም ጋሼ፣ ባዶዋን ስመጣ እንኳ ፍሬኗ አላማረኝም። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔም እኮ ላንተ ብዬ ነው!» አለ ሰጠኝ፤ ጋሽ አብዱልሐኪም ሳይጠየቁ ላንድክሩዘራቸውን አስነሱ።