በሙሉቀን ቦታ

መሐል ሜዳ ውስጥ የጌታነሽን ያህል አውሮፕላን የሚጠላ ሰው አልነበረም። የጎረቤቷ የለተሥላሴ ልጅ ሙሉቀን የአብራሪነት ፈተናውን አልፎ ሲሄድ፣ አብሮት የተፈተነው የእሷው ባምላኩ ወድቆ ቤት ቀረ። ለተሥላሴ ደግሞ፣ አይፈረድባትም፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ እንኳ ቀና እያለች ሰማዩን ታያለች። ጌታነሽ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ “ምነው የኔን በሙሉቀን ቦታ ባደረግኸው!” ትል ነበር።

አንድ ማለዳ የእድሩ ዳኛ ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መርዶ ይዘው መጡ። ጌታነሽ ወደ ለተሥላሴ ደጅ አየች። ደነገጠች፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ትንሽም ቀለል አላት። ሰዎቹ ግን ያንን ደጅ አልፈው እሷ ቤት ገቡ።

“ጠንከር በይ፣ ልጄ” አሉ ዳኛው። “ባምላኩ ለልምምድ ሲነሳ የነዳጁ ክዳን መዘጋቱን ሳያይ ቀርቶ፣ አውሮፕላኑ ወደቀ አሉ።”

“ኧረ ቤት ተሳስታችኋል! አብራሪው የለተሥላሴ ልጅ ነው። የኔው ሰነፍ ይኸው መደብ ላይ ያንኮራፋል!” ብላ ጋቢውን ገለጠችው።

ከጋቢው ሥር ባምላኩ ሳይሆን ሙሉቀን ዓይኑን እያሻሸ ቀና አለ።

“እማዬ፣ ነጋ እንዴ?”