ላላ አድርገህ ያዛት

«ደግሞ ያዘኝ!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ግራ እጁን እያራገፈ። የሚለማመደው ዘፈን እኩሌታው ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጡንቻ ይሸማቀቃል፤ ይኸው ለአሥረኛ ጊዜ ተሸማቀቀ።

ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲገጥም እምቢ ብሎት የማያውቅ እጅ፣ አራት ክር ባላት ሚጢጢ ጊታር መሰል ዩኩሌሌ ሊያዋርደው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ሠርጉ አዳራሽ ስትገባ የሚጫወትላት እሱ ነው። በአማቾቹ ፊት ደረቱን ነፍቶ ቃል ገብቷል፤ አሁን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበታል።

የመኝታ ቤቱ በር ብርግድ አለ። ሙሽራዋ ናት፤ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ጫማ እንኳ አላደረገችም።

«አባዬ፣ እስቲ አያያዝህን ልየው።»

ያዘ። ሳቋ አመለጣት።

«እንዴ! አንቀህ ልትገድላት ነው? ይሄ እኮ የቧንቧ መፍቻ አያያዝ ነው!»

«ካልጠበቀ ያፈሳላ!» አለ ሳያስበው፤ ራሱም ሳቀ።

አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ጆሮው ሥር የደረሰውን ትከሻውን ወደ ታች መለሰችው፤ የታጠፈ የእጁን አንጓ አቃናችው፤ አውራ ጣቱን ከዩኩሌሌዋ አንገት ጀርባ አሳረፈችው።

«ጣትህን አንገቷ ላይ ወዳለችው ወደዚች ቀጭን ብረት ጠጋ አድርጋት። በቃ፣ ድምፅ እስክትሰጥ ብቻ ተጫን። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ድካም ነው።»

ነካ አደረገው። ክሩ ጥርት ብሎ ጮኸ።

«በዚህች ብቻ?» ዓይኑ ፈጠጠ።

«በዚህች ብቻ!»

ጀመረ። የሚፈራው ቦታ ደረሰ፤ አለፈው! ጡንቻው ዝም አለ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ወለሉን በእግሩ ይደልቃል፤ እሷ ታጨበጭባለች፤ ከእጇ ያመለጠው ቬሎ አልጋውን ሞልቶታል። አንድም ቀን ደርሶበት የማያውቀው የዘፈኑ መጨረሻ ላይ ደረሰ።

ከውጭ የመኪና ክላክስ ተደጋገመ።

«ሊወስዱኝ መጡ!» ብላ ብድግ አለች።

«ቆይ…»

«ምነው፣ እጅህን አመመህ?»

«ኧረ ምንም!»

እውነቱን ነው፤ እጁን ምንም አላመመውም። ትከሻውን ለቀቅ አደረገና ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ክላክሱ ይጮሃል። ሙሽራዋ በሩን አየች፤ አባቷን አየች፤ ቬሎዋን ሰብስባ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።